ተለኩሶ የማይቆይ የጋዝ ምድጃ፦ ጥፋቱን የመለየትና የማስተካከል መመሪያ

ማዞሪያውን ተጭነው ክብሪት ሲያስጠጉ እሳቱ ዙሪያውን ይያያዛል፤ እጅዎን ከማዞሪያው ላይ ሲያነሱ ግን ወዲያው ድርግም ይላል። ሁለት ሦስት ጊዜ ተሞክሮ ያው ከሆነ ብዙ ሰው ከሁለት አንዱን ይወስናል፤ ወይ «ጋዙ አልቋል» ብሎ ሲሊንደር ያስቀይራል፣ ወይ «ምድጃው ተበላሽቷል» ብሎ አዲስ ለመግዛት ገበያ ይወጣል። በጎንደር በራሴም በጎረቤትም ቤት ከፍቼ ካየኋቸው ምድጃዎች አብዛኞቹ ግን ከሁለቱ አንዱንም አላስፈለጋቸውም። ያስፈለጋቸው መጽዳት፣ መድረቅ ወይም የተነቀለው ክፍል በቦታው በትክክል መቀመጥ ነበር። እሳቱ መቼና እንዴት እንደሚጠፋ በትዕግሥት የተመለከተ ሰው አንድም ብሎን ሳይፈታ ጥፋቱ ከየት እንደሆነ ሊያውቅ ይችላል፤ ይህ መመሪያም ከዚያው ይነሣል።

የሚከተለው ሁሉ የሚመለከተው በሲሊንደር በሚመጣውና በተለምዶ ቡታ ጋዝ በምንለው ነዳጅ የሚሠራውን ምድጃ ነው። በከተማችን እንጀራው በኤሌክትሪክ ምጣድ ወይም በእንጨት ቢጋገርም፣ መብራት በሄደ ጊዜ ወጡንና ሻዩን የሚያደርሰው ብዙ ጊዜ ይኸው ምድጃ ነው። እንግዳ ተቀምጦ ምድጃው እምቢ ሲል ቸኩሎ መነካካት ይመጣል፤ ጋዝ ደግሞ ችኮላ አይወድም።

ከመንካት በፊት

ቡታ ጋዝ በዋናነት የቡቴንና የፕሮፔን ድብልቅ ነው። ሁለቱም ከአየር ይከብዳሉ፤ ፕሮፔን አንድ ተኩል ጊዜ ገደማ፣ ቡቴን ሁለት ጊዜ ገደማ። ስለዚህ ያመለጠ ጋዝ እንደ ጭስ ወደ ጣሪያ ወጥቶ አይሄድም፤ እንደ ፈሰሰ ውሃ ወለሉን ይዞ ይሄድና ጥግ ጥጉን ይሞላል። ይህ ነገር በእኛ ቤት የተለየ ክብደት አለው፤ የቡናው ከሰልና የዕጣኑ ማጨሻ የሚቀመጡት ወለል ላይ፣ ብዙ ጊዜም ከማዕድ ቤቱ በር አጠገብ ነውና። ጠረጴዛ ላይ ካለው ምድጃ ያመለጠ ጋዝ ቀድሞ የሚያገኘው እሳት የጀበናው ከሰል ሊሆን ይችላል። ለመቀጣጠል ደግሞ ከአየሩ መጠን 2 በመቶ ገደማ ጋዝ ይበቃል።

ጋዙ በተፈጥሮው ሽታ የለውም፤ የምናሸተው የበሰበሰ ጎመን የሚመስለው ሽታ ሲያመልጥ እንዲታወቅ ሆን ተብሎ የተጨመረበት ነው። ምድጃው ጠፍቶ ሳለ ይህ ሽታ ካለ ጥገና አይጀመርም። ሲሊንደሩን ይዝጉ፣ በርና መስኮቱን ይክፈቱ፣ የቤቱን ሰው ይዘው ይውጡና ሽታው ጨርሶ እስኪሄድ ውጭ ይቆዩ። በዚህ ጊዜ መብራት ማብራትም ማጥፋትም አይገባም፤ የማብሪያ ማጥፊያው ትንሽ ብልጭታ ትበቃለችና። ሽታ ከሌለም ቢሆን ምንም ነገር ከመፍታትዎ በፊት ሲሊንደሩ ይዘጋ፣ ምድጃው ይቀዝቅዝ፣ ከሰልና ሻማም በዚያ ክፍል አይኑር። መብራት በጠፋበት ምሽት ሻማ አብርቶ የጋዝ ምድጃ መፍታት በፍጹም የማይደረግ ነገር ነው፤ እስኪነጋ ይቆይ።

የሚያስፈልገው ዕቃ ጥቂት ነው። ያረጀ የጥርስ ብሩሽ፣ ለብ ያለ ውሃ፣ ፈሳሽ ሳሙና፣ ደረቅ ጨርቅ፣ በጣም ለስላሳ የሆነው የብርጭቆ ወረቀት፣ ካቻቢቴ፣ ለኖዝሉ (ለጋዙ መርጫ ብሎን) የሚሆን ትንሽ ኪያቤ ካለ ይበቃል።

እሳቱ የሚጠፋው መቼ ነው?

የመጀመሪያው ጥያቄ፣ የሚጠፋው አንዱ እሳት ማውጫ ብቻ ነው ወይስ ሁሉም? የሚለው ነው። ሦስቱ ደህና እየነደዱ አንዱ ብቻ ካስቸገረ ሲሊንደሩም፣ በሲሊንደሩ ላይ ተገጥሞ የጋዙን ግፊት የሚመጥነው ሬጉሌተሩም፣ ጎማውም ነጻ ናቸው ማለት ይቻላል፤ ጋዙ ለሦስቱ ከደረሰ ለአራተኛውም ደርሷልና ጥፋቱ በዚያው እሳት ማውጫ ዙሪያ ነው። ሁሉም እኩል ከደከሙ ወይም ተራ በተራ ከጠፉ ግን ምድጃውን መፍታት ድካም ነው፤ መመልከት የሚገባው ከሲሊንደሩ እስከ ምድጃው ጀርባ ያለውን መንገድ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ ስለ ጊዜው ነው። ማዞሪያውን እንደተጫኑ እሳቱ በደንብ እየነደደ ሲለቁት ብቻ የሚጠፋ ከሆነ፣ ጣቱ የሚያመለክተው ቴርሞካፕል ወደሚባለው የደኅንነት ክፍል ነው። ማዞሪያውን ተጭነው ይዘው እያሉም ከጠፋ ግን ቴርሞካፕሉን አይውቀሱት፤ ያን ጊዜ የጋዙን መንገድ በእጅዎ ከፍተው ስለያዙት፣ የጎደለው ጋዙ ራሱ ወይም የአየሩ ሚዛን ነው። ሲበዛ ነዶ ሲቀነስ የሚጠፋ ከሆነ የደከመ ግፊት፣ የጠበበ ቀዳዳ ወይም ንፋስ ይጠረጠራል። ለብዙ ደቂቃ ነዶ እየቀጨጨ የሚሞት ከሆነ ደግሞ ሲሊንደሩ ወደ ማለቁ ነው ወይም በብርድ ግፊቱ ወርዷል። ይህን ልዩነት ሳይለዩ ካቻቢቴ ማንሣት፣ የታመመውን ሳይጠይቁ መድኃኒት እንደመስጠት ነው።

ማዞሪያው ሲለቀቅ የሚጠፋ ከሆነ

በእሳት ማውጫው ጠርዝ ሁለት ትንንሽ ዘንጎች ይታያሉ። አንደኛው ነጭ ሸክላ የመሰለ ሽፋን ያለውና ጫፉ ላይ ብልጭ የሚለው መለኮሻው ነው። ሁለተኛው፣ ብልጭታ የሌለውና እርቃኑን የቆመው ብረት፣ ቴርሞካፕሉ ነው። ባለ መለኮሻ ያልሆኑ ምድጃዎች ላይ አንዱ ብቻ ይኖራል። ቀለል ባሉት ባለ አንድና ባለ ሁለት የጠረጴዛ ምድጃዎች ላይ ብዙ ጊዜ ቴርሞካፕል ጭራሽ የለም፤ ማዞሪያው ተጭኖ መቆየት የማያስፈልገው ምድጃ ካለዎት ይህን ክፍል ዘልለው ይሂዱ።

ቴርሞካፕል የሁለት የተለያዩ ብረቶች መገጣጠሚያ ነው። ጫፉ በእሳት ሲግል ጥቂት ሚሊቮልት፣ በደህናው ጊዜ 20 እስከ 30 የሚደርስ፣ ኤሌክትሪክ በራሱ ያመነጫል፤ ያም በማዞሪያው ውስጥ ላለች ትንሽ ማግኔት ኃይል ሰጥቶ የጋዙን በር ክፍት አድርጎ ይይዘዋል። እሳቱ በንፋስ ወይም በገነፈለ ወጥ ሲጠፋ ጫፉ ይቀዘቅዛል፤ ማግኔቷ ትለቃለች፤ በሩ በራሱ ይዘጋል። ስለዚህ መብራት በመጥፋቱ ምክንያት «ሴፍቲው አልሠራ አለ» የሚለው አስተያየት በተለመዱት ምድጃዎች ላይ ትክክል አይደለም። መብራት የሚፈልገው መለኮሻው ብቻ ነው፤ በክብሪት ከተለኮሰ ቴርሞካፕሉ ከግድግዳው ሶኬት ምንም አይጠብቅም።

አንድ የዓቢይ ጾም ጊዜ አረጋዊት ጎረቤቴ አስጠሩኝና «ልጄ፣ ይኼ እሳት እጄን ካላየ አይቆምልኝም እኮ» አሉኝ። ገብቼ ስመለከት ማዞሪያው ተጭኖ እንዲቀር በእንጨት ማማሰያ ደግፈውታል፤ ማማሰያዋም እንዳትንሸራተት በጨርቅ ታስራለች። «እማማ፣ ይህችን ማማሰያ አሁኑኑ እናንሣት» ብዬ ነው የጀመርኩት። የተደገፈ ማዞሪያ ማለት በሩ እንዳይዘጋ የተከለከለ ጋዝ ማለት ነው፤ ሽሮው ገንፍሎ እሳቱን ቢያጠፋው ጋዙ ሳይቋረጥ ወደ ወለሉ ይወርድ ነበር። በእንጨት መደገፍ፣ በላስቲክ መወጠር፣ ቴርሞካፕሉን ነቅሎ በሌላ ዘዴ ማታለል፣ ማናቸውም አይደረጉም። የእርሳቸው ምድጃ ችግር ከዘንጉ ጫፍ ላይ እንደ ቅርፊት የደረቀ፣ ጥቁር የሆነ የሽሮ ቅሪት ነበር። በሁለት ጥፍሬ መካከል ሳሸው እንደ ከሰል ፍርፋሪ ተነሣ፤ ከሥሩ ግራጫው ብረት ወጣ። በጾም ሽሮው በየቀኑ ይሠራልና ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ በእርጥብ ጨርቅ ይጠርጉታል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ምንም ሳይፈቱ ማዞሪያውን እስከ መጨረሻው ተጭነው፣ እሳቱ ከተያያዘ በኋላ በልብዎ እስከ 10፣ ካልሆነም እስከ 15 ቆጥረው ይልቀቁት። ብዙ ሰው በሁለተኛው ሰከንድ ይለቃል፤ ዘንጉ ግን ገና አልጋለም። ይህ ካልረዳ ምድጃው ሲቀዘቅዝ የዘንጉን ጫፍ በጥርስ ብሩሽ፣ የጠነከረ ጥላት ካለው ደግሞ በለስላሳው የብርጭቆ ወረቀት በቀስታ ይጥረጉት። የሚፈለገው ጥላቱ እንዲነሣ እንጂ ብረቱ እንዲሳሳ አይደለም። ከዚያም ሲለኮስ ነበልባሉ የዘንጉን የላይኛውን አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ሲያቅፈው ይመልከቱ። ዘንጉ ወደ ታች ከሰጠመ ወይም ወደ ውጭ ካዘነበለ እሳቱ አይደርስበትም፤ ከሥር የሚይዘውን ማሰሪያ አላልተው ወደ ቦታው ይመልሱት። ከሥሩ የሚሄደው ቀጭን የመዳብ ገመድ እንዳይሰበር ጠበብ ያለ መታጠፊያ አያድርጉበት።

አንዳንድ ጊዜ ዘንጉ ንጹሕ ነው፤ ችግሩ ማዞሪያው ላይ ነው። ከማዞሪያው ሥር ቅባትና ዱቄት ተጋግሮ እስከ መጨረሻው እንዳይገባ ያደርገዋል። ማዞሪያውን ወደ ላይ ስበው ያውጡት፤ የሚወጣውን የብረት ዘንግ በቀጥታ ተጭነው፣ አዙረው ይለኩሱ። በዚህ መንገድ እሳቱ ከቆየ ጥፋቱ የማዞሪያውና የተጋገረው ቆሻሻ ነው፤ ያጽዱት፣ ፕላስቲኩ ተሰንጥቆ ከሆነም ማዞሪያውን ብቻ ይቀይሩ።

ቴርሞካፕሉ ንጹሕ፣ በቦታው ያለና እሳት የሚደርሰው ሆኖ ሳለ አሁንም ካልያዘ የሚቀሩት ሁለት ናቸው፤ ራሱ ሞቷል ወይም ማግኔቷ ደክማለች። እነዚህን ለመለየት ከሁሉ የምወደው ዘዴ ማለዋወጥ ነው። ሲሊንደሩ ተዘግቶ የምድጃው የላይኛው ቆርቆሮ ከተነሣ በኋላ የታመመውን እሳት ማውጫ ቴርሞካፕል ሙሉውን ነቅለው በጤነኛው ቦታ፣ የጤነኛውንም በታመመው ቦታ፣ ርዝመታቸው የሚፈቅድ ከሆነ፣ ይግጠሟቸው። ችግሩ ከቴርሞካፕሉ ጋር አብሮ ከሄደ የሚቀየረው ቴርሞካፕሉ ነው፤ በቦታው ከቀረ ማግኔቷ ናት። የኤሌክትሪክ ባለሙያ ጓደኛ ያለው ሰው መልቲሜትር በሚባለው የኤሌክትሪክ መለኪያም ሊለካው ይችላል። በጥሩ ሁኔታ ላይ ያለች ማግኔት እሳቱ ጥቂት ነዶ ሲጠፋ፣ ከአፍታ በኋላ፣ አንዳንዴ እስከ አንድ ደቂቃ ቆይታ፣ ጠቅ ብላ ስትለቅ ትሰማለች፤ ያ ድምፅ ካለ ይዛ ነበር ማለት ነው።

አዲስ ለመግዛት ሲወጡ፣ አራዳም ይሁን ቅዳሜ ገበያ፣ አሮጌውን ነቅለው ይዘው ይሂዱ። በርዝመትና በጫፉ አያያዝ በጣም ይለያያሉ፤ አንዳንዱ በብሎን የሚታሰር፣ አንዳንዱ በመሰካት የሚገባ ነው። እኔ በዓይን ግምት የገዛሁት የመጀመሪያው አንድ ስንዝር አጥሮ ቀርቷል። በብሎን የሚታሰረውን ሲመልሱ በጣት እስኪጠብቅ ካዞሩ በኋላ በኪያቤ ሩብ ዙር ብቻ ይጨምሩ፤ ከዚያ በላይ ከተጨቆነ ጫፉ ይጨፈለቅና አዲሱም አይሠራም።

ክዳኑና ቀዳዳዎቹ

እሳት ማውጫው በሁለት ይከፈላል፤ ቀዳዳዎች ያሉት ቀለበትና ከላይ የሚቀመጠው ክዳን። ክዳኑ ከታጠበ በኋላ በአንድ በኩል ከፍ ብሎ ከተቀመጠ ነበልባሉ በአንድ ወገን ይረዝማል፣ በሌላው ይጠፋል፤ ቴርሞካፕሉ ያለው በጠፋው ወገን ከሆነ ደግሞ ምድጃው ሙሉ በሙሉ ይዘጋል። ክዳኑን በጣትዎ ገፋ ገፋ ሲያደርጉት የሚወዛወዝ ከሆነ አልተቀመጠም። ከሥሩ ያለው ጉጥ ከገባበት ጎድጓዳ ጋር መግጠም አለበት። በተለይ በርከት ያሉ ዕቃዎች አብረው ከታጠቡ በኋላ የትንሹ ክዳን በመካከለኛው ላይ መቀመጡ የተለመደ ነው።

ቀዳዳዎቹን ለማጽዳት ቀለበቱንና ክዳኑን አንሥተው በሞቀ ውሃና በፈሳሽ ሳሙና ግማሽ ሰዓት ይዘፍዝፏቸው። በረኪና አይጠቀሙ፤ ብዙዎቹ ከአሉሚኒየም የተሠሩ ስለሆኑ ይበላቸዋል፣ ይቦረቡራቸዋል። ከዚያም በጥርስ ብሩሹ ቀዳዳ በቀዳዳ ይቦርሹ። ተጣብቆ የቀረውን በጥርስ መፋቂያ እንጨት እንጂ በመርፌ ወይም በሚስማር አይጎርጉሩ፤ ቀዳዳው ከሰፋ እሳቱ ዕድሜ ልኩን ያልተስተካከለ ይሆናል። የጸዳው ክፍል ፍጹም መድረቅ አለበት። በበጋ ፀሐይ ላይ ማስጣት ይበቃል። በክረምት ግን እንደ ጎንደር ያለ ቀኑን ሙሉ ዝናብ በሚጥልበት ቦታ በደረቅ ጨርቅ ጠርጎ፣ ቀዳዳዎቹን እፍ ብሎ፣ ሌሊቱን ሙሉ ማሳደር ይሻላል። እርጥብ ሆኖ የተመለሰ ቀለበት እሳቱን ትር ትር እያደረገ ያጠፋዋል፤ ባለቤቱም «ካጸዳሁት በኋላ ባሰበት» ይላል።

የጋዙ መርጫ፦ ኖዝል

ቀለበቱ ሲነሣ መካከል ላይ የምትታየው ትንሽ የናስ ብሎን ኖዝል ናት። ቀዳዳዋ ከአንድ ሚሊ ሜትር ያነሰ ነው፤ ስለዚህ አንዲት የሸረሪት ድር ወይም የደረቀ የወጥ ጠብታ እሳቱን ለማቀጨጭ ትበቃለች። የአንዱ እሳት ማውጫ ነበልባል ማዞሪያው እስከ መጨረሻው ተከፍቶም አጭር ከሆነ ኖዝሉ ተደፍኗል። በኪያቤ ፈትተው በሳሙና ውሃ ይጠቡትና ወደ ብርሃን አቅንተው ይመልከቱ፤ ቀዳዳው ክብ ሆኖ መታየት አለበት። ካልጸዳ ወደ ቅርብ ጎሚስታ ወስደው በጎማ መንፊያው አየር ማስነፋት ጥሩ መፍትሔ ነው፤ ከአዘዞ መንገድ እስከ ፒያሳ ጎሚስታ አይታጣም። ብረት መርፌ ግን ናሱን ያሰፋዋል፤ የሰፋ ኖዝል ደግሞ ከልክ በላይ ጋዝ ይለቃል፣ ድስት ያጠቁራል፣ ሊስተካከልም አይችልም።

በዚህ አጋጣሚ አንድ ነገር ልጨምር። ከውጭ አገር በዘመድ የተላከ ምድጃ ብዙ ቤት ይገኛል፤ አንዳንዱ በቧንቧ ለሚመጣ የተፈጥሮ ጋዝ ተብሎ የተሠራ ነው። የዚያ ኖዝል ቀዳዳው ሰፊ ስለሆነ በእኛ ሲሊንደር ሲሠራ ነበልባሉ ረዥም፣ ቢጫና የሚያጠለሽ ይሆናል። በኖዝሉ ጎን ላይ የተጻፈው ቁጥር የቀዳዳውን ስፋት በሚሊ ሜትር መቶኛ ይገልጻል። በብዙ ምድጃዎች ለሲሊንደር ጋዝ የሚሆኑት ከትንሹ እሳት ጀምሮ 50፣ 65 እና 85 ሲሆኑ፣ የተፈጥሮ ጋዙ 72፣ 97 እና 115 አካባቢ ነው። ምድጃው ሲላክ የሲሊንደሩ ኖዝሎች ብዙ ጊዜ በትንሽ ላስቲክ ተቋጥረው ካርቶኑ ውስጥ ይመጣሉ፤ ካርቶኑን ከመጣልዎ በፊት ይፈልጓቸው። ያን ኖዝል ሲለውጡ የትንሹን እሳት ልክ የምታስተካክለውም ብሎን መነካት ስለሚኖርባት፣ ይህን ሥራ በዚህ ልምድ ላለው ሰው መስጠት ይሻላል።

ሁሉም በአንድነት ሲደክሙ

መጀመሪያ የሲሊንደሩ ይዘት ይታይ። የባዶው ሲሊንደር ክብደት በብረቱ ላይ ተቀርጾ ይገኛል፤ ሲሊንደሩ በሚዛን ከተመዘነ በኋላ ያንን መቀነስ የቀረውን ጋዝ ይነግራል። ሚዛን ከሌለ ሲሊንደሩን ከላይ እስከ ታች በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉ፤ ፈሳሹ ያለበት ክፍል ቀዝቀዝ ስለሚል እርጥበቱ ዘግይቶ ይደርቃልና መስመሩ ለጥቂት ጊዜ ይታያል።

ጋዙ ገና እያለ ጠዋት ጠዋት ብቻ ከደከመ ምክንያቱ ብርዱ ነው። ቡቴን ከዜሮ ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ሲሆን አይተንም፤ ፕሮፔን ግን እስከ 42 ዲግሪ ከዜሮ በታች ድረስ ይተናል። ሲሊንደር ሲነድ የሚቀድመው ፕሮፔኑ ስለሆነ ወደ መጨረሻው የሚቀረው በአብዛኛው ቡቴን ነው። ፈሳሹ ሲተንም ራሱ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ በኅዳርና በታኅሣሥ ንጋት፣ በቀዝቃዛ ወለል ላይ የቆመ፣ ሩብ የቀረው ሲሊንደር ግፊት ቢያጣ አይገርምም፤ ከረፋድ በኋላ ይመለሳል። ሲሊንደሩን ከከሰል አጠገብ ማሞቅ ወይም «የቀረው ይውጣ» ብሎ አጋድሞ ማስተኛት ግን አደገኛ ነው። የተጋደመ ሲሊንደር በጋዝ ፈንታ ፈሳሽ ወደ ሬጉሌተሩ ይልካል፤ አንድ ሊትር ፈሳሽ ደግሞ 250 ሊትር አካባቢ ጋዝ ይሆናል።

ቀጥሎ ጎማው ይታይ። ምድጃው ወደ ግድግዳ በተገፋ ቁጥር ጎማው ከጀርባው ይታጠፍና የጋዙ መንገድ ይጠብባል፤ ምድጃውን ሳብ ሲያደርጉ እሳቱ ከተሻለው ምክንያቱ ያው ነው። የተሰነጣጠቀ፣ የደነደነ ወይም የሚያጣብቅ ጎማ ይቀየራል፤ በላዩ ላይ የተጻፈው የምርት ዓመት 5 ዓመት ካለፈውም እንዲሁ። የሚቀየረው በጋዝ ጎማ እንጂ በተራ የውሃ ጎማ አይደለም፤ በሁለቱም ጫፍ ፋሼታ በሚባለው የብረት ማሰሪያ ይጠብቅ።

ሬጉሌተሩ ለቤት ምድጃ 30 ሚሊ ባር አካባቢ ግፊት እንዲሰጥ የተሠራ መሆን አለበት፤ ለትልልቅ የሆቴል ምድጃ የሚሆነው ከፍተኛ ግፊት ያለው ሬጉሌተር በቤት ምድጃ ላይ ሲገጠም ነበልባሉ ከቀዳዳው ተነሥቶ ይንሳፈፋል፣ ይጮኻል፣ ይጠፋል። አንዳንዱ ሬጉሌተር ጋዝ በድንገት ሲበዛበት መንገዱን የሚዘጋ መከላከያ አለው። ስለዚህ የምድጃው ማዞሪያዎች ሁሉ ተዘግተው ሳለ ሲሊንደሩን ቀስ ብለው መክፈት ይገባል፤ በኃይል ከተከፈተና እሳቱ ከደከመ ዘግተው ጥቂት ቆይተው በቀስታ ይክፈቱ። ከሬጉሌተሩ ጎን ያለችው መተንፈሻ ቀዳዳ በአቧራ ወይም በቅባት ከተደፈነች በጨርቅ ትጠረግ። ከዚህ አልፎ ሬጉሌተርን መፍታት የቤት ሥራ አይደለም፤ ጥርጣሬ ካለ ይቀየራል።

ንፋስና ከፍታ

ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው ከአምስት አንድ እጅ ያህል የሳሳ ነው፤ ስለዚህ ከቆላ አገር ምድጃ ጋር ሲነጻጸር እሳታችን ለአየር ይራባል። ጤነኛው ነበልባል ሰማያዊ ሆኖ ሥሩ ቀዳዳውን ይነካል። ጫፉ ቢጫ ከሆነ አየር አንሶታል፤ ከቀዳዳው ተነሥቶ የሚዘል ከሆነ በዝቶበታል። ከኖዝሉ አጠገብ የሚንሸራተት የአየር መስኮት ያለው ምድጃ ካለዎት ቢጫው እስኪጠፋ በጥቂቱ ይክፈቱት፤ መዝለል ሲጀምር ትንሽ ይመልሱት። ከሁሉ በፊት ግን ቀዳዳዎቹ መጽዳታቸውን ያረጋግጡ፤ ቆሻሻ ያመጣውን ቢጫ በአየር መስኮት ማስተካከል አይቻልም። ቢጫ እሳት ሽታ የሌለውን ካርቦን ሞኖክሳይድ ስለሚያወጣ፣ ለዓይን ከማስቀየሙ አልፎ ለትንፋሽ አደጋ ነው።

በትንሹ ብቻ የሚጠፋ እሳት ካለ በሩን ዘግተው ይሞክሩት። ወጥ ቤታችን ብዙ ጊዜ ከዋናው ቤት ተነጥሎ፣ በሩ ወደ ግቢ ተከፍቶ የተሠራ ነው፤ ኮረብታ ላይ ባለ ሰፈር ደግሞ ከሰዓት በኋላ ንፋሱ ያይላል። በሩ ሲዘጋ እሳቱ ከቆየ ምድጃውን ከበሩ ፊት ማንሣት እንጂ መጠገን አያስፈልግም። በሩን ዘግቶ ማብሰል ግን መፍትሔ አይደለም፤ አየር መግቢያው መኖር አለበት።

ሁሉም ከተመለሰ በኋላ

የተፈታውን ሁሉ ከመለሱ በኋላ ሲሊንደሩን ቀስ ብለው ይክፈቱና፣ የምድጃው ማዞሪያዎች ተዘግተው ሳለ፣ በፈሳሽ ሳሙና የተመታ ወፍራም አረፋ በብሩሽ ሬጉሌተሩ ከሲሊንደሩ በሚገጥምበት፣ በጎማው ሁለት ጫፎችና በነኩት መገጣጠሚያ ሁሉ ላይ ይቀቡ። አረፋው እየተነፋ የሚያድግ ከሆነ ጋዝ ይወጣል፤ ሲሊንደሩን ይዝጉ፣ ፋሼታውን ያጥብቁ፣ የሬጉሌተሩን የጎማ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ ቀለበት) ይመልከቱ፣ ደግመው ይፈትሹ። በክብሪት መፈተሽ ጨርሶ አይሞከርም። መፍሰሱ ያለው ከማዞሪያው ውስጥ ወይም ከሲሊንደሩ ቫልቭ ከሆነ ዘግተው ሲሊንደሩን ወደ ሻጩ፣ ምድጃውንም ወደ ባለሙያ ይውሰዱ።

አረፋው ጸጥ ካለ አንድ በአንድ ይለኩሱ። እያንዳንዱን እሳት ለ10 ሰከንድ ተጭነው ይልቀቁ፤ አንድ ደቂቃ በትልቁ፣ አንድ ደቂቃ በትንሹ ይንደድ። ከዚያም አንዱን እሳት ማውጫ በትልቁ እየነደደ ሳለ በድስት ክዳን አርገብግበው ሆን ብለው ያጥፉትና ማዞሪያውን ሳይነኩ ጠቅ የሚለውን ድምፅ ይጠብቁ። በአንድ ደቂቃ ተኩል ውስጥ ድምፁ ተሰምቶ የጋዙ ሽውታ ከቆመ ቴርሞካፕሉ ሥራውን እየሠራ ነው። ካልቆመ ማዞሪያውንና ሲሊንደሩን ወዲያው ይዝጉ፣ በሩን ይክፈቱ፣ ምድጃውን እስኪጠገን ድረስ አይጠቀሙበት። በመጨረሻ ምድጃውን ወደ ቦታው ሲመልሱ ጎማው ከጀርባ እንዳይታጠፍና የጋለ ቆርቆሮ እንዳይነካው በእጅዎ እየዳበሱ ያስቀምጡት።